ከሰይጣን ቤት እስከ እጅ ስልክ፤ ተዋናይን በመጋረጃ ላይ ብቅ የማድረግ ጥበብ አጭር ታሪክ

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። ዛሬ ማንኛውም ተማሪ በእጅ ስልኩ ያነሣቸውን ሁለት የተንቀሳቃሽ ሥዕል ቁራጮች አጋጥሞ ጓደኛውን ከባዶ ወንበር ላይ ብቅ ሊያደርገው፥ ወይም ከቆመበት ሊሰውረው ይችላል። ታናሽ ወንድሙ አይቶ ይሥቃል፤ «እስቲ ድገመው» ይላል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። ይሁን እንጂ ይህች ትንሽ ጨዋታ መቶ ሠላሳ ዓመት ያህል ዕድሜ አላት። ከታሪኳም አንዱ ምዕራፍ የተጻፈው በሩቅ አገር ሳይሆን በከተማችን እምብርት፥ በአራዳና በፒያሳ ነው።

እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ይህን ርእስ የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፥ ወላጆቻችንና አያቶቻችን ሲኒማን ያወቁት በዚህ ሰፈር ስለ ሆነ፥ ታሪኩ የቤታችን ታሪክ ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ዐይኔ ያየውን ሁሉ ልመን ወይስ አልመን?» የሚለው ጥያቄ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ የሚያሳስብ በመሆኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የአገራችንን ዘመን በራሳችን አቈጣጠር፥ የውጭ አገሩን ግን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር አስቀምጠነዋል።

የጥበቡ ልደት

ተንቀሳቃሽ ሥዕል ከመፈጠሩ በፊት ሰውን ድንገት ብቅ ማድረግና መሰወር የመድረክ ምትሃተኞች ሥራ ነበር። ምትሃተኛው በመድረኩ ወለል ላይ የማይታይ መዝጊያ ያበጃል፤ ረዳቱን በጨርቅ ይሸፍናል፤ ረዳቱም በመዝጊያው ሾልኮ ወደ ታች ይወርዳል። ጨርቁ ሲገለጥ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ተመልካቹ ጨርቁን እንጂ ወለሉን ስላላየ ይደነቃል።

እስከ ዛሬ ከታወቁት ፊልሞች መካከል ይህን ሥራ በካሜራ ለመፈጸም የመጀመሪያው ነው የሚባለው በ1895 በአሜሪካ፥ በቶማስ ኤዲሰን ኩባንያ ተሠራ። የፊልሙ ታሪክ የስኮትላንድ ንግሥት የነበረችው የሜሪ ስቱዋርት የሞት ቅጣት ነው፤ አዘጋጁም አልፍሬድ ክላርክ ይባላል። ንግሥቲቱን ሆኖ የሚጫወተው ተዋናይ አንገቱን በግንዱ ላይ ያኖራል። በዚህ ጊዜ ካሜራው ይቆማል፤ የቀሩት ተዋንያን በያሉበት ሳይነቃነቁ ይቆያሉ፤ በሰውየው ፈንታ አሻንጉሊት ይተካል፤ ከዚያም ካሜራው ሥራውን ይቀጥላል፥ መጥረቢያውም ይወርዳል። ፊልሙ በሙሉ የግማሽ ደቂቃ ያህል እንኳ ዕድሜ የለውም። ቢሆንም ያየው ሰው ሁሉ የሰው አንገት ሲቈረጥ ያየ ይመስለው ነበር።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር 28 ቀን ሉሚዬር የተባሉት ወንድማማቾች በፓሪስ ከተማ፥ በአንድ ቡና ቤት ምድር ቤት ውስጥ፥ ዋጋ ከፍለው ለገቡ 33 ሰዎች ተንቀሳቃሽ ሥዕል በመጋረጃ ላይ አሳዩ። ይህ ቀን በእኛ አቈጣጠር ታኅሣሥ 19 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ ጦር በመቀሌ ምሽግ ላይ የነበረበት ሰሞን ማለት ነው። የዐድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ 64 ቀን ብቻ ነው። እንግዲህ የሲኒማ ትርኢትና የዐድዋ ድል የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው ብንል ከእውነት አንርቅም።

በዚያ ምሽት ከተመልካቾቹ መካከል ዦርዥ ሜልዬስ የተባለ ሰው ነበረ። ሜልዬስ በ1861 ተወልዶ በ1938 የሞተ፥ በፓሪስ የምትሃት ቴአትር ቤት ባለቤት የነበረ ሰው ነው። በማግስቱ ዓመት የራሱን ካሜራ ይዞ ፊልም መሥራት ጀመረ። እርሱ ራሱ በኋላ እንደ ተረከው፥ አንድ ቀን በፓሪስ አደባባይ መንገደኛውን ሲያነሣ ካሜራው ለጥቂት ጊዜ ተያዘበት። ካሜራውን አስተካክሎ ሥራውን ቀጠለ። ፊልሙን አጥቦ ሲያየው ግን በፈረስ የሚሳብ የሕዝብ ሠረገላ በድንገት የሬሳ ሠረገላ ሆኖ አገኘው። በመካከሉ ያለፈው ጊዜ በፊልሙ ላይ ስላልነበረ፥ አንደኛው ሠረገላ ሌላውን የተካው በቅጽበት መሰለ። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ትረካ ይጠራጠሩታል፤ በ1896 የሠራው ፊልም ግን እስከ ዛሬ አለ። በዚህ ፊልም ውስጥ አንዲት ሴት በወንበር ተቀምጣ በጨርቅ ትሸፈናለች፤ ጨርቁ ሲነሣ የለችም፤ ቀጥሎ በወንበሩ ላይ የሰው አፅም ብቅ ይላል፤ በመጨረሻም ሴትዮዋ በደኅና ትመለሳለች። ሜልዬስ ያንኑ ጨዋታ በቴአትር ቤቱ ለማሳየት የተሰወረ መዝጊያ ያስፈልገው ነበር። በፊልሙ ግን ወለሉ ደፍን ነው። መዝጊያውን የተካው በሁለት ቁራጭ ፊልም መካከል ያለው መገጣጠሚያ ነው።

ስለዚህ መገጣጠሚያ አንድ ቁም ነገር እንጨምር። ብዙ ሰው ዘዴው ካሜራን አቁሞ ማስነሣት ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን አጥኚዎች የሜልዬስን ፊልሞች በቅርብ ሲመረምሩ ምትሃቱ በተፈጸመበት ቦታ ሁሉ ፊልሙ ተቈርጦ በማጣበቂያ መቀጠሉን አገኙ። ካሜራው ሲቆምና ሲነሣ ፍጥነቱ ስለሚዛባ፥ ሜልዬስ የተበላሹትን ትንንሽ ሥዕሎች በመቀስ እያወጣ ንጹሑን ከንጹሑ ጋር ያጋጥም ነበር። ስለዚህ ተመልካቹ «ተአምር» ያለው ነገር መቀስ፥ ማጣበቂያና ትዕግሥት ነው። ዛሬ «ቪዲዮ ማቀናበር» የምንለው ሥራ መሠረቱ ይኸው ነው።

ሲኒማ ወደ አራዳ ሲገባ

ይህ ጥበብ ወደ አገራችን ለመድረስ ብዙ አልዘገየም። ከፓሪሱ ትርኢት ሦስት ዓመት ያህል እንዳለፈ፥ የውጭ አገር ሰዎች ባመጡት መሣሪያ በአጼ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ተንቀሳቃሽ ሥዕል ታየ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ መሣሪያ መርምሮ የማወቅ ፍቅር እንደ ነበራቸው የታወቀ ነው። የቤተ መንግሥቱ ትርኢት ግን ለመኳንንትና ለእንግዶች እንጂ ለአላፊ አግዳሚው አልነበረም።

ለከተማው ሕዝብ የሲኒማ በር የተከፈተው በአራዳ ነው። በዚያ ዘመን አራዳ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሥር የተዘረጋ ታላቅ ገበያ ነበረ። ባላገሩ እህልና ቅቤ፥ ነጋዴው ጨርቅና ጨው ይዞ የሚገናኝበት፥ አዲስ ወሬና አዲስ ዕቃ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታይበት ቦታ ነው። «አራዳ» የሚለው ስም ዛሬ ንቁና ብልጥ ሰው መጠሪያ የሆነውም ከዚሁ የተነሣ ነው። ከዚህ ሰፈር ዝቅ ብሎ፥ ዛሬ ቴዎድሮስ አደባባይ በሚባለው አቅራቢያ፥ በ20ኛው ምዕተ ዓመት የመጀመሪያዎቹ ዐሥርተ ዓመታት አንድ የሲኒማ ቤት ተሠራ። ባለቤቶቹ የሰጡት ስም ተረሳ፤ ሕዝቡ ያወጣለት ስም ግን እስከ ዛሬ ይነገራል። «የሰይጣን ቤት» ተባለ።

ብዙዎች ይህን ስም ሲሰሙ ይሥቃሉ፤ «የጥንት ሰዎች ምንኛ የዋህ ነበሩ!» ይላሉ። እኛ ግን ነገሩን ከዚያ ዘመን ሰው ዐይን ለመመልከት ሞክረናል። የኢትዮጵያ ሕዝብ ሰው ድንገት መገለጡንና መሰወሩን ከሲኒማ አልተማረውም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ፊልጶስ የኢትዮጵያውን ጃንደረባ ካጠመቀው በኋላ የጌታ መንፈስ እንደ ነጠቀውና ጃንደረባው ዳግመኛ እንዳላየው ተጽፏል። ይህን ታሪክ በአገራችን የማያውቅ ክርስቲያን የለም። በገድላትም ስለ ተሰወሩ ቅዱሳን ይነበባል። በሌላው ወገን ደግሞ ዐይንን ስለሚይዝ ምትሃትና ስለ አፍዝ አደንግዝ ያልሰማ ሰው አልነበረም። እንግዲህ በዚያ ዘመን ሰው ዘንድ ሰው በቅጽበት ቢገለጥ ወይም ቢሰወር ሥራው ከሁለቱ የአንዱ ነው፤ የእግዚአብሔር ወይም የሰይጣን። በሲኒማ ቤቱ ቄስ እንደሌለ፥ ጸሎትም እንደማይደረግ፥ ይልቁንም መግቢያው በገንዘብ እንደ ሆነ ሁሉም ያያል። ስለዚህ የቀረው ስም አንድ ብቻ ነበር።

ይህ የዋህነት ሳይሆን በነበረው ዕውቀት ላይ የተመሠረተ ፍርድ ነው። ከሁሉ በላይ፥ እነዚያ ሰዎች ዛሬ እኛ ብዙ ጊዜ የምንዘነጋውን ጥያቄ ጠይቀዋል። «በፊቴ የሚታየውን ነገር የሚያንቀሳቅሰው ማነው?» አሉ። መልሱን ስተው ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄው ግን ትክክለኛ ነበር።

በዚያው ሰፈር የቴአትር ጥበብም ተወልዷል። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አውሬዎች እንደ ሰው የሚናገሩበትን «ፋቡላ፥ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ጽፈው በቴራስ ሆቴል አሳይተዋል። ተውኔቱ የአገዛዙን ጉድለት በምሳሌ ስለ ነቀፈ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታግዶ ነበር። በ1927 ዓ.ም. የአገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ፤ ቴአትር ቤቱም እስከ ዛሬ በአራዳ ይገኛል። በቴአትር ተዋናዩን ብቅ የሚያደርገው የጨርቅ መጋረጃ ነው። መጋረጃው ሲከፈት ተመልካቹ ሰውየው ከኋላ ቆሞ ይጠብቅ እንደ ነበር ያውቃል። በሲኒማ ግን መጋረጃው ራሱ ሥዕሉ የሚያርፍበት ነው፤ ከኋላው የሚጠብቅ ሰው የለም። በሁለቱ ጥበቦች መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው።

ፒያሳና ነጩ መጋረጃ

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ወረራ ዘመን ጣሊያኖች ትልቁን ገበያ ከአራዳ አንሥተው ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ቦታ አዛወሩት። የአራዳ እምብርትም በእነርሱ ቋንቋ አደባባይ ማለት የሆነውን «ፒያሳ» የሚል ስም ወረሰ። ከነጻነት በኋላ ስሙ ሳይለወጥ ቀረ፤ ሰፈሩ ግን የወርቅ ቤቶች፥ የኬክ ቤቶችና የሲኒማ ቤቶች መገኛ ሆነ። ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ አምፒር በከተማው ወጣት ሁሉ የታወቁ ነበሩ። የአሜሪካ፥ የጣሊያንና የሕንድ ፊልሞች ይታዩ ነበር፤ ወላጆቻችን ከተዋንያኑ ጋር እያለቀሱና እየዘመሩ አድገዋል። «የሰይጣን ቤት» ያለው ሕዝብ ልጆች በእሑድ ልብሳቸው ተሰልፈው ቲኬት ቈራጮች ሆኑ። ፍርሃቱን ያስወገደው ስብከት ወይም ዐዋጅ ሳይሆን ልማድና ዕውቀት ነው።

1957 ዓ.ም. በዚህ ታሪክ ውስጥ ልዩ ቦታ ያለው ዓመት ነው። በዚያ ዓመት የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በአራዳ አናት ላይ ከተሠራው የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ሥርጭቱን ጀመረ። በዚሁ ዓመት በኢላላ ኢብሳ ጥረት የተሠራው «ሂሩት አባቷ ማነው» የተሰኘው ጥቁርና ነጭ ፊልም ለሕዝብ ታየ። የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም የልብ ወለድ ፊልም ነው። ዐሥር ዓመት ያህል ቆይቶ የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» ተከተለ። ለስልሳ ዓመት ያህል የሌላ አገር ሰዎች ብቅ ሲሉና ሲሰወሩ ያየው ሕዝብ፥ አሁን በነጩ መጋረጃ ላይ የራሱ ልጅ በራሱ ቋንቋ እየተናገረ ብቅ ሲል አየ። ከምትሃት ሁሉ የበለጠው ይህ ይመስለናል።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. ፊልምን በመቀስ መቍረጥ ቀርቶ ቪዲዮን በኮምፒዩተር ማቀናበር ሲለመድ፥ በአማርኛ የተሠሩ ብዙ ፊልሞች የከተማይቱን ሲኒማ ቤቶች ሞሉ። ዛሬ ደግሞ ካሜራውም፥ መቀሱም፥ መጋረጃውም በአንዲት የእጅ ስልክ ውስጥ ተሰብስበው ይገኛሉ።

ዘዴው እንዴት ይሠራል?

ታሪክ ብቻ ጽፈን እንዳንቀር፥ ይህን የሜልዬስን ዘዴ በትምህርት ቤታችን ግቢ ሠርተን አይተነዋል። ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን እንዲጠቅም አሠራሩን በአጭሩ እናስረዳ።

በመጀመሪያ ስልኩን በማይነቃነቅ ነገር ላይ ማቆም ያስፈልጋል። ባለሦስት እግር መቆሚያ ከሌለ ወንበርና ጥቂት ወፍራም መጻሕፍት ይበቃሉ። በእጅ መያዝ ግን አይሆንም፤ ስልኩ በጣት ውፍረት ያህል ቢዛወር እንኳ ግድግዳው በመጋረጃው ላይ ዘሎ ይታያል። ሁለተኛ፥ ባዶውን ቦታ ለጥቂት ሴኮንዶች ማንሣት ነው። ሦስተኛ፥ ካሜራው ሳይጠፋ ተዋናዩ መጥቶ በምልክቱ ላይ ይቆማል። እኛ ለምልክት ትንሽ ጠጠር አኑረን ነበር። አራተኛ፥ በማቀናበሪያው ላይ ተዋናዩ ሲሄድና ሲመጣ የሚታይበት ክፍል በሙሉ ተቈርጦ ይወጣል፤ ባዶው ግድግዳና የቆመው ሰውም ይገናኛሉ። የእጅ ስልክ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሴኮንድ 30 ሥዕሎች ያነሣል። በሁለቱ መካከል ያለው ለውጥ የሚፈጸመው በአንዱ ሥዕልና በተከታዩ መካከል ስለ ሆነ፥ ዐይን ለመከታተል ጊዜ አያገኝም።

ሦስት ነገሮችን መጠበቅ ይገባል። ብርሃኑ አይለወጥ፤ ደመና መጥቶ ፀሓይን ቢሸፍን የግድግዳው ቀለም በቅጽበት ስለሚጠቁር ምስጢሩ ይገለጣል። ጥላ አይዘንጋ፤ ከካሜራው ውጭ የቆመ ሰው ጥላው በመሬት ላይ ሊያጋልጠው ይችላል። በሥዕሉ ውስጥ ሌላ ሰው ካለ፥ ተዋናዩ እስኪመጣ ድረስ እንደ ሐውልት ደርቆ ይቁም። በተጨማሪ፥ መቍረጫው በእንቅስቃሴ መካከል ቢሆን ይመረጣል። አንዱ ሲያጨበጭብ ሌላው ብቅ ቢል፥ ዐይን ወደ ጭብጨባው ስለሚሳብ መገጣጠሚያውን አያስተውልም። ሜልዬስም ለዚሁ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ጢስ ይጠቀም ነበር። በ1902 በሠራው የጨረቃ ጉዞ ፊልም የጨረቃ ሰዎች ሲመቱ በጢስ ተሸፍነው ይጠፋሉ።

ሌላው ዘዴ ማደብዘዝ ነው። ሁለቱን ቁራጮች ለአንድ ሴኮንድ ያህል አንዱን በሌላው ላይ ብንደርባቸው፥ ተዋናዩ እንደ ጉም ቀስ እያለ ይገለጣል። እንዲሁም ሥዕሉን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ሰው በሁለቱም ወገን ማሳየት ይቻላል። ሜልዬስ በ1900 ራሱን ሰባት አድርጎ የአንድ ሰው የሙዚቃ ጓድ አሳይቷል።

ሥራችንን ለታችኛው ክፍል ተማሪዎች ባሳየን ጊዜ ሁሉም ብቅ ስላለው ልጅ ጠየቁ። ከየት መጣ? እንዴት ዘለለ? አሉ። ስለ ግድግዳው የጠየቀ ግን አንድ ስንኳ አልነበረም። ሆኖም ሥራውን በሙሉ የሠራው ግድግዳው ነው። ያልተለወጠው ነገር ባይኖር ኖሮ የተለወጠው አያስደንቅም ነበር፤ ሰውየው የመጣ የሚመስለን ቦታው ያው ስለ ሆነ ነው። ይህን ከተረዳን በኋላ የአራዳን ታሪክ በሌላ ዐይን ማየት ጀመርን።

የዐይን ምስክርነት

ሥዕልን በማቀናበር የሚሠራ ሥራ ሁሉ ጨዋታ አይደለም። ልጅ ኢያሱ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ፥ ከክሱ አንዱ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል የሚል ነበር። በዚያ ወራት የእስላም ጥምጥም አድርገው የሚያሳይ ፎቶግራፍ በእጅ ይዘዋወር እንደ ነበር፥ ያም ፎቶግራፍ ተቀነባብሮ የተሠራ እንደ ሆነ ሲነገር ኖሯል። ልጅ ኢያሱ በእርግጥ በልዩ ልዩ የአገራችን ክፍሎች ልብስ ተነሥተዋልና፥ የታሪክ ሰዎች በነገሩ ላይ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እኛ በዚህ ላይ ለመፍረድ አንደፍርም። ነገር ግን አንድ ነገር ግልጽ ነው። ሲኒማ ገና የሰይጣን ሥራ በሚባልበት ዘመን፥ በወረቀት ላይ የታየ የሰው መልክ በመንግሥት ጉዳይ ምስክር ሆኖ ሊጠራ ችሏል። ሰዎች የሚንቀሳቀሰውን ሥዕል ሲጠራጠሩ፥ የቆመውን ሥዕል ግን ለመጠየቅ የዘገዩ ይመስላል።

ዛሬ አደጋው በብዙ እጥፍ ጨምሯል። ሜልዬስ አንዲት ሴትን ብቅ ለማድረግ ሴትዮዋ በእርግጥ መጥታ መቀመጥ ነበረባት። እኛም ጓደኛችንን ብቅ ለማድረግ ጓደኛችን በግቢው መኖር ነበረበት። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራው ቪዲዮ ግን ሰውየው በቦታው ሳይኖር፥ ያልተናገረውን ሲናገር፥ ያልሄደበት ሲሄድ ያሳያል። እንዲህ ያለ ሥዕል በጥቂት ሰዓት ውስጥ ብዙ ሰው ያያል፤ ጎረቤትን ከጎረቤት ሊያጣላ፥ ደምም ሊያፋስስ ይችላል። «ዐይን ያያል፥ ልብ ይፈርዳል» የተባለው ለዚህ ነው። ማየት የዐይን ሥራ ነው፤ ማመን ግን የልብ ፍርድ ስለ ሆነ ምስክር መጠየቅ ያስፈልገዋል። ይህን ማን አነሣው? የት? መቼ? ከመቍረጡ በፊትና በኋላ ምን ነበር? ብሎ የሚጠይቅ ሰው በቀላሉ አይታለልም። የሰይጣን ቤት ዘመን ሰዎች ጥያቄ ወደ እኛ ተመልሷል፤ ልዩነቱ እኛ ለመመለስ የሚያስችል ትምህርት ማግኘታችን ነው።

የተሰወረውና የተመለሰው

አራዳ ራሷ መሰወርንና መገለጥን ታውቃለች። በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ፊት የቆመው የዳግማዊ አጼ ምኒልክ ሐውልት የተመረቀው በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ነው። በወረራው ዘመን ጣሊያኖች የዐድዋውን ድል አድራጊ መታሰቢያ ማየት ስላልፈለጉ ሐውልቱን ከቦታው አነሡት። ከነጻነት በኋላ ሐውልቱ ተመልሶ ዛሬ በሚታይበት ቆመ። ካሜራ በዚያ ቆሞ ቢሆን ኖሮ፥ ንጉሡ በፈረሳቸው ላይ ሆነው ሲታዩ፥ ሲሰወሩና እንደገና ብቅ ሲሉ ባየን ነበር። ሐውልቱ ሊመለስ የቻለው ግን ቤተ ክርስቲያኑ በቦታው ስለ ነበረ፥ ሕዝቡም የት ይቆም እንደ ነበር ስላልረሳ ነው። ግድግዳው አልተነቃነቀም ማለት ነው።

ዛሬ ሰፈሩ በብዙ ተለውጧል። በ2016 ዓ.ም. የዐድዋ ድል መታሰቢያ በፒያሳ ተመርቆ ተከፈተ። በዚያው ዓመት በኮሪደር ልማት ምክንያት ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ የቆዩ መንደሮች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ የከተማው ክፍል ሄዱ። ከተማ ማደጉ የማይቀር ነው፤ ሰፊ መንገድና ንጹሕ ቤትም ሁሉ ይወድዳል። ይሁን እንጂ እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። ሰው ቢለወጥ ቦታው ይመሰክራል፤ ቦታው ቢለወጥ ሰው ይመሰክራል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ቢለወጡ ግን መገጣጠሚያው የት እንደ ነበረ የሚያውቅ አይገኝም። ከእኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች አዲሱን ፒያሳ ብቻ ሲያዩ ከመጀመሪያውም እንዲህ የነበረ ይመስላቸዋል።

ስለ ሥዕሎች መጥፋትም የሜልዬስ ዕጣ ትምህርት ይሰጣል። ከ500 የሚበልጡ ፊልሞችን ሠርቶ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብዙዎቹ ቅጂዎች በጦር ሠራዊቱ ቀልጠው የጫማ ተረከዝ መሥሪያ ሆኑ። በ1923 ደግሞ ዕዳ የከበደው ሜልዬስ በምሬት የፊልሞቹን ዋና ቅጂዎች በገዛ እጁ አቃጠለ። በኋላም በፓሪስ ባቡር ጣቢያ አሻንጉሊት እየሸጠ ኖረ። ዛሬ 200 ያህል ፊልሞቹ የተገኙት በሌሎች ሰዎች እጅ የነበሩ ቅጂዎች ስለ ተጠበቁ ነው። ሰውን ሁሉ ብቅ ያደርግ የነበረው ጠቢብ፥ ሥራው ብቅ እንዲል የሌሎች ሰዎች ጥንቃቄ አስፈለገው።

ክቡራን ወላጆቻችን፥ መምህሮቻችንና ወንድሞቻችን፥ ልመናችን እንግዲህ ይህ ነው። በየቤታችሁ ሣጥን ውስጥ ያሉትን ፎቶግራፎች አውጡና በጀርባቸው ስም፥ ቦታና ዓመት ጻፉባቸው፤ ያለዚያ ከአንድ ትውልድ በኋላ ማንነታቸው የማይታወቅ ሰዎች ሥዕሎች ሆነው ይቀራሉ። የአራዳና የፒያሳ ልጆች የነበራችሁ ሽማግሌዎች፥ ሲኒማ ቤቱ የት እንደ ነበረ፥ ከአጠገቡ ማን ይነግድ እንደ ነበር ለልጆቻችሁ ንገሩ። እኛ ተማሪዎችም ስልካችንን ለሣቅ እንደምናነሣው ሁሉ ለዚህም እናንሣው፤ የሚናገሩትን ሳንቈርጥና ሳንቀጥል፥ ቀኑንና ቦታውን ጽፈን እናስቀምጠው። በምናነሣው ሥዕል ውስጥም ከሰዎቹ ጋር ቤቱንና መንገዱን እናካትት። ተዋናይን ከባዶ ቦታ ብቅ ማድረግ በአንድ ቀን የሚለመድ ጥበብ ነው። የሄደን ዘመን ብቅ ማድረግ ግን የሚቻለው ከኋላው የነበረውን ግድግዳ አስቀድሞ የጠበቀ ሰው ሲኖር ብቻ ነው።